የድሮ ቤት ልናድስ ነው፤ ምን ላይ እንጠንቀቅ? (የባለሙያ ምላሽ)

ጥያቄ፦ «እኔና ባለቤቴ ከ80 ዓመት በላይ የቆየ ባለ አንድ ፎቅ ቤት ገዝተናል። ግድግዳው ድንጋይ ነው፤ በድንጋዮቹ መሀል ያለው ማያያዣ በቁልፍ ጫፍ ሲጫሩት ይረግፋል። ታች ባሉት ክፍሎች ቀለሙ ከወለል እስከ ጉልበት ድረስ ይላጣል፤ የቀድሞዎቹ ባለቤቶች ደጋግመው ቢቀቡትም አልያዘላቸውም። ያሰብነው በኩሽናና በሳሎኑ መካከል ያለውን ግድግዳ ማንሳት፣ የታችኛውን የጣውላ ወለል በሴራሚክ መቀየር፣ ፎቅ ላይ መታጠቢያ ቤት መጨመርና መስኮቶቹን ማስቀየር ነው። ተቋራጩ ግድግዳውን በሲሚንቶ ለስኖ፣ ሁሉንም ጨርሶ በሁለት ወር እንደሚያስረክበን ነግሮናል። ሰው ብዙ ጊዜ የሚሳሳተው የት ላይ ነው? ከምንስ እንጀምር?»

ምላሽ፦

ስለ ሁለት ወሩ በኋላ እመለስበታለሁ። መጀመሪያ «በሲሚንቶ ለስኖ» የሚለውን እንየው፤ ከዕቅዳችሁ ሁሉ አንዴ ከተሠራ ለመመለስ የሚከብደው እሱ ነው። በአሮጌ ቤት ዕድሳት የማያቸው ትልልቅ ጥፋቶች መነሻቸው አንድ ዓይነት ነው፦ የችግሩ ምንጭ ሳይታወቅ በላዩ ላይ ይለሰናል፣ ይነጠፋል፣ ይቀባል።

እስከ ጉልበት የሚላጥ ቀለም ግድግዳው እርጥብ መሆኑን ያሳያል፤ ውሃው ከየት እንደመጣ ግን አያሳይም። ከመሬት ወደ ላይ የሚሳብ እርጥበት ግድግዳውን ተከትሎ ይሄዳል፤ ከፍታው ብዙ ጊዜ ከ1 ሜትር ብዙም አያልፍም፣ ጫፉ ላይ ነጭ ጨው ያበቅላል። የሚያፈስ ቧንቧ ከሆነ አንድ ቦታ ላይ ይበረታል፤ በደረቁም በዝናቡም ወቅት ያው ነው። የቤቱን ቧንቧዎች በሙሉ ዘግታችሁ የውሃ ቆጣሪው እየዞረ ከሆነ መልሱን አገኛችሁ ማለት ነው። በውጭ በኩል ያለው አፈር ወይም ንጣፍ ከውስጡ ወለል እኩል ከሆነ ወይም ከበለጠ ደግሞ ውሃው በጎን እየገባ ነው። በአሮጌ ቤት ይህ በጣም የተለመደ ነው፤ ግቢው በታደሰ ቁጥር አዲሱ ንጣፍ በአሮጌው ላይ እየተደረበ መሬቱ ከፍ ይላል። አራተኛው ምንጭ ከቤቱ ውስጥ ነው፤ የሰው ትንፋሽ፣ የማብሰያና የገላ መታጠቢያ እንፋሎት ቀዝቃዛ ግድግዳ ሲያገኝ ውሃ ይሆናል። ይህን ለመለየት ግማሽ ሜትር በግማሽ ሜትር የሆነ ላስቲክ ግድግዳው ላይ ዙሪያውን በማጣበቂያ ቴፕ አሽጋችሁ ለሁለት ቀን ተዉት። ጠብታው ላስቲኩ ፊት ላይ ከታየ ከክፍሉ አየር የመጣ ነው፤ ከላስቲኩ ጀርባ ከተገኘ ከግድግዳው ነው።

ከገለጻችሁት ስነሳ ግድግዳችሁ የተሠራው በኖራ ወይም በጭቃ ይመስላል። ከማያያዣው ትንሽ ጓል ወስዳችሁ ብርጭቆ ውሃ ውስጥ ጨምሩት፤ ጭቃ ከሆነ ፈርሶ ይዘቅጣል፣ ኖራ ከሆነ ቅርጹን ይዞ ይቆያል። ፖርትላንድ ሲሚንቶ እ.ኤ.አ. በ1824 የፈጠራ መብት ቢያገኝም የድንጋይ ቤቶች ከዚያ በኋላም ለረጅም ጊዜ በኖራና በጭቃ መሠራታቸው አልቆመም። እንዲህ ያለ ግድግዳ ከመሠረቱ በላይ እርጥበት የሚያግድ ንጣፍ የለውም። ውሃ ይገባበታል፣ ተመልሶም በልስኑ በኩል ይወጣለታል፤ ይህን ያህል ዘመን የቆመውም በዚህ ነው።

ሲሚንቶ ሲለሰንበት የመውጫው መንገድ ይዘጋል። ድንጋዩና ኖራው ከሙቀትና ከእርጥበት ጋር ትንሽ ይንቀሳቀሳሉ፤ ሲሚንቶው ግን ድርቅ ያለ ስለሆነ ፀጉር የሚያክል ስንጥቅ ያወጣል። ዝናብ በስንጥቁ ይገባል፣ መውጣት ግን አይችልም። ታች የታፈነው ውሃ ወደ ላይ ይወጣና ከዚህ በፊት ደረቅ የነበረውን ቦታ ያረጥባል፤ ጫፋቸው ግድግዳ ውስጥ የተቀበረ የወለል እንጨቶች እዚያው ይበሰብሳሉ። ጨው ከልስኑ ጀርባ እየደረቀ ሲያድግ ልስኑን ገፍቶ ይጥለዋል፤ ሲወድቅም የድንጋዩን ፊት አብሮ ይነቅላል። አታላይነቱ በመጀመሪያው ዓመት ደረቅና ያማረ መምሰሉ ነው፤ ተቋራጩ ልክ ነበር ብላችሁ የመጨረሻውን ክፍያ ትከፍላላችሁ። በዚህ ሥራ ላይ የምንይዘው ደንብ አንድ ነው፦ የጥገናው ቁስ ከሚጠገነው ግድግዳ ሊጠነክር አይገባም። (ግድግዳችሁ በሲሚንቶ የተገነባ ብሎኬት ቢሆን ኖሮ ይህን ሁሉ አልልም ነበር።)

እናስ? ከውጭ ጀምሩ። አሸንዳው ያልተደፈነ፣ መውረጃው ውሃውን ከቤቱ አርቆ የሚጥል መሆኑን በዝናብ ጊዜ ወጥታችሁ እዩ፤ ደረቅ ቀን ላይ አሸንዳ ሁሉ ደህና ነው። ከግድግዳው ሥር ያለውን አፈር ከውስጡ ወለል ቢያንስ 15 ሳንቲ ሜትር ዝቅ አድርጉት፣ ከዚያ ውጪ ባለው 3 ሜትር ውስጥም ሌላ 15 ሳንቲ ሜትር እንዲያዘቀዝቅ አድርጉ። እዚህ ላይ አንድ ማስጠንቀቂያ አለኝ፦ የአሮጌ ቤት መሠረት ብዙ ጊዜ ጥልቅ አይደለም። «የውሃ መውረጃ ቦይ» ተብሎ በግድግዳው ሥር በአንድ ቀን ዙሪያውን ከተቆፈረና ከመሠረቱ ግርጌ ከወረደ ቤቱ ይቀመጣል፣ ይሰነጠቃል። ቦይ ካስፈለገ በአጭር በአጭሩ እየተቆፈረ፣ እየተሞላ ይሄዳል።

ከውስጥ የተላጠውን ልስንና ውሃ የማያሳልፈውን ቀለም አንሱና ግድግዳው ይድረቅ። ወፍራም ግድግዳ ከአንድ ፊቱ በወር 2.5 ሳንቲ ሜትር ያህል ይደርቃል የሚል የቆየ ግምት አለ። 50 ሳንቲ ሜትር ውፍረት ያለው ግድግዳ በሁለት ፊቱ ቢደርቅ እንኳ አሥር ወር ገደማ ይሆናል። ይህን ሁሉ ቁጭ ብላችሁ ጠብቁ አልላችሁም፤ የኖራ ልስን ግድግዳው ጥቂት እርጥበት ቢኖረውም ያስወጣዋል። ግን የውጩን ሥራ ዛሬ ጨርሶ በሳምንቱ መለሰን አይሆንም። ኖራ በስስ ንብርብር፣ እያንዳንዱ ከ1 ሳንቲ ሜትር ብዙም ሳይበልጥ ይለሰናል፣ ቶሎ እንዳይደርቅም ለቀናት ውሃ ይርከፈከፍበታል። በላዩ የኖራ ቀለም ወይም ትነት የሚያሳልፍ ሌላ ቀለም ይቀባል፤ የፕላስቲክ ቀለም ከቀባችሁበት ልፋቱ ሁሉ ከንቱ ነው። ኖራ ዓይን ያቃጥላል፣ ሠራተኛው መነጽርና ጓንት ያድርግ።

ሁለተኛው ትልቅ ነገር የኩሽናው ግድግዳ ነው። «ይህ ግድግዳ ምንም አልተሸከመም» የሚለውን ቃል ከማንም አፍ ብቻ አትቀበሉ። ከላይ ፎቁ ላይ በዚያው ቦታ ግድግዳ አለ? የወለሉ ወራጆች፣ ማለትም ጣውላውን የተሸከሙት አግድም እንጨቶች፣ አቋርጠውት ነው የሚያልፉት ወይስ ጎን ለጎን? የጣሪያው እንጨትስ የት ላይ ያርፋል? ውፍረቱን አይቶ መፍረድ ያሳስታል። ሲሠራ ለመከፋፈያ ብቻ የታሰበ ስስ ግድግዳ እንኳ በዘመን ብዛት ተሸካሚ ሊሆን ይችላል፤ ከላይ ያሉት እንጨቶች ቀስ በቀስ ጎብጠው ይደርሱበትና ይደገፉበታል። ከዚህም ሌላ ምንም ክብደት ያልያዘ ግድግዳ ረጃጅሞቹን የውጭ ግድግዳዎች በጎን ይዟቸው ሊሆን ይችላል።

ተሸካሚ ከሆነ መነሳት አይችልም ማለት አይደለም። መሐንዲስ አይቶት ቢም፣ ማለትም ከላይ ያለውን የሚሸከም አግድም ተሸካሚ፣ ያሰላለታል። ሰው የሚረሳው ግን ከቢሙ ሥር ያለውን ነው፦ በግድግዳው ርዝመት ሁሉ ተዘርግቶ የነበረው ክብደት አሁን በሁለት ጫፎች ላይ ይከመራል። ጫፎቹ የሚያርፉበት ቦታ በኖራ የተያያዘ ልቅ ድንጋይ ከሆነ ይፈጨዋል፤ ከሥሩ ጠንካራ የአርማታ ወይም የድንጋይ ማረፊያ፣ አንዳንዴም አዲስ መሠረት ያስፈልገዋል። ጊዜያዊ የድጋፍ ቋሚዎች አንድ ድንጋይ ሳይነቀል በፊት ይቆማሉ፤ በጣውላው ወለል ላይ ሳይሆን እስከ ጠንካራው መሬት ወርደው ይቆማሉ። ምርጫው የእኔ ቢሆን ግድግዳውን በሙሉ አላነሳውም፤ በሁለቱም ጫፍ ግማሽ ሜትር ያህል ትቼ፣ ከላይም ቢሙ የሚታይበትን ግንባር ትቼ ሰፊ መክፈቻ አወጣለሁ። ቤቱ ጥንካሬው ይቀርለታል፣ ሥራው ይቀላል። ብርሃኑና ስፋቱም ያው ነው። ምግብ ሲበስል ሽታው ሶፋችሁ ላይ እንዳይቀር በር መግጠም ብትፈልጉም ቦታ ይኖራችኋል።

ስለ ስንጥቅ አልጠየቃችሁም፣ ግን ድንጋይ ቤት ላይ መኖሩ አይቀርም። ከ1 ሚሊ ሜትር በታች የሆነ ቀጭን ስንጥቅ ብዙ ጊዜ የልስን ጉዳይ ነው። ከ5 ሚሊ ሜትር በላይ ከሆነ፣ አንዱ ፊት ከሌላው ወጣ ብሎ ከሆነ፣ ወይም እያደገ ከሆነ ለመሐንዲስ ይታይ። ማደጉን ለማወቅ ጫፉ የደረሰበትን በእርሳስ አስምራችሁ ቀኑን ጻፉበት፤ በዝናብም በደረቅም ወቅት ተመልሳችሁ እዩት። ስንጥቅን ዛሬ ሞልቶ መቀባት ይህን መረጃ ያጠፋባችኋል።

ወደ ፎቁ መታጠቢያ ቤት ልሂድ። እዚህ ሒሳብ እንሥራ። 5 ሳንቲ ሜትር ውፍረት ያለው የሲሚንቶ ሊሾ በካሬ ሜትር 100 ኪሎ ግራም ይመዝናል፤ ሴራሚኩ ገና አልተቆጠረም። የመኖሪያ ቤት ወለል ለሰውና ለዕቃ ብዙ ጊዜ የሚሰላው በካሬ ሜትር እስከ 200 ኪሎ ግራም ነው። ስለዚህ ሊሾው ብቻ ግማሹን ይወስደዋል። 200 ሊትር የያዘ የገላ መታጠቢያ ገንዳ ከውሃው ብቻ 200 ኪሎ ግራም ነው፣ ሰውየውና ገንዳው በላይ ይደመራሉ። ጣሪያ ላይ የ1000 ሊትር ታንከር ለመስቀል ካሰባችሁ ደግሞ አንድ ቶን ነው፤ ያን ለአሮጌ የጣሪያ እንጨት አትስጡት፣ ለብቻው ከመሬት የተነሳ ማማ ይሠራለት።

ከክብደቱ የባሰው የቧንቧ ሠራተኛው መጋዝ ነው። ቧንቧው እንዲያልፍለት ወራጁን ከታች ወይም ከላይ ይበላዋል። የእንጨት የመሸከም አቅም ቁመቱ በራሱ ተባዝቶ በሚገኘው ልክ ስለሚሄድ፣ 20 ሳንቲ ሜትር ቁመት ካለው ወራጅ 5 ሳንቲ ሜትር ቢቆረጥ በዚያ ቦታ የሚቀረው ከግማሽ ትንሽ የሚበልጥ አቅም ነው። ማለፍ ግድ ከሆነ በወራጁ ቁመት መሀል ላይ፣ ከቁመቱ ሩብ ያልበለጠ ክብ ቀዳዳ ይበሳ። የፍሳሽ ቧንቧ ግን በየሜትሩ 2 ሳንቲ ሜትር ያህል ማዘቅዘቅ ስላለበት እንዲህ ባለ ቀዳዳ ሩቅ አይሄድም፤ 4 ሜትር ቢጓዝ 8 ሳንቲ ሜትር ይወርዳል። ስለዚህ መታጠቢያ ቤቱን ከኩሽናው ወይም ካለው መጸዳጃ ቤት በላይ፣ የቆመው ፍሳሽ መውረጃ አጠገብ አድርጉት። የክፍሉን ቅርጽ ብትሠዉ እንኳ ያዋጣል። ውሃ መከላከያው ከተቀባ በኋላ፣ ሴራሚክ ሳይነጠፍ፣ የውሃ መሄጃውን ደፍናችሁ ወለሉ ላይ ውሃ አቁሙና 24 ሰዓት ከታች ሆናችሁ ጠብቁ።

የታችኛውን ጣውላ ከማንሳታችሁ በፊት አንድ ሁለቱን ገልጣችሁ ሥሩን እዩ። ከሥሩ ክፍት ቦታ ካለ በውጭው ግድግዳ ላይ አየር የሚያስገቡ ቀዳዳዎች ይኖራሉ፤ ብዙ ጊዜ ከፍ ባለው አፈር ተደፍነው ይገኛሉ። እንጨት መበስበስ የሚጀምረው እርጥበቱ 20 በመቶ ገደማ ሲያልፍ ነው፤ ወስፌ ወይም ወፍራም መርፌ በቀላሉ ዘልቆ የሚገባበት እንጨት አልቆለታል፣ የምስጥ መንገድም ካለ እዚያው ታዩታላችሁ። ጣውላውን አንስቶ ላስቲክ ዘርግቶ በሲሚንቶ መሙላት ንጹሕ መፍትሔ ይመስላል። ሆኖም ከወለሉ ሥር ይተን የነበረው እርጥበት በላስቲኩ ሲታገድ ወደ ጎን ሄዶ ግድግዳውን ይወጣል፤ አሁን ጉልበት ላይ ያለው ወገብ ይደርሳል። ቀዳዳዎቹን ከፍቶ የተበላሸውን እንጨት ብቻ ቀይሮ ጣውላውን ማቆየት ለእናንተ ቤት ይሻላል ባይ ነኝ። የድሮ ጣውላ ጥቅጥቅ ያለ ነው፣ ዛሬ እንደዚያ ያለ ለማግኘት ያስቸግራል።

መስኮቶቹን ባጭሩ፦ ብዙ ጊዜ የተበላሸው የታችኛው አግዳሚ ብቻ ነው፣ አናጺ ቆርጦ ይተካዋል። አዲስ የምታስገቡ ከሆነ ደግሞ ቀድሞ በክፍተቱ ይገባ የነበረው አየር ይቀራል፤ በኩሽናና በመታጠቢያ ቤት የአየር ማስወጫ ካልሠራችሁ ሻጋታ ታገኛላችሁ። ማስወጫው ወደ ውጭ ይውጣ፣ ወደ ኮርኒስ ውስጥ አይደለም።

አሁን ከምንም በላይ ስለሚያሳስበኝ አቧራ። በዚህ ዕድሜ ቤት ውስጥ ከታች ያሉት የቀለም ንብርብሮች እርሳስ የተባለው መርዛማ ብረት ሊኖርባቸው ይችላል። አሜሪካ እንኳ እርሳስ ያለበትን ቀለም ለመኖሪያ ቤት የከለከለችው እ.ኤ.አ. በ1978 ነው። ለሕፃናት አእምሮ ጉዳት አያመጣም የሚባል የእርሳስ መጠን አልተገኘም። አሮጌ ቀለም በደረቁ በብርጭቆ ወረቀት አይፋቅም፣ በእሳት አይነደድም፤ እየረጠበ ይፋቃል፣ ክፍሉ በላስቲክ ይታጠራል፣ ልጆችና ነፍሰ ጡር ሴቶች ከቤቱ ይወጣሉ። ሌላው አስቤስቶስ ነው፣ አቧራው ሲተነፍሱት ሳንባን የሚጎዳ ጭረታማ ማዕድን፤ በኋለኞቹ ዘመናት በተደረጉ ጥገናዎች በሞገዳማ የጣሪያ ክዳን፣ በቧንቧ መሸፈኛ፣ በወለል ንጣፍ ገብቶ ይገኛል። ብሪታንያ እ.ኤ.አ. በ1999፣ የአውሮፓ ኅብረት እ.ኤ.አ. በ2005 ሙሉ በሙሉ ቢከለክሉትም ከዚያ በፊት የገባው ዛሬም በቦታው አለ። ከተጠራጠራችሁ አትቁረጡት፣ አትብሱት፣ አትጥረጉት፤ ናሙናው ላቦራቶሪ ይታይ። ያልተሰበረና ያልተነካ ከሆነ ትቶት መሄድ ብዙ ጊዜ ከማንሳት ይሻላል።

ኤሌክትሪኩን በከፊል አታድሱት። በጨርቅ ወይም በጎማ የተሸፈነ የድሮ ሽቦ መሸፈኛው ደርቆ ይፈረፈራል፤ የኧርዝ መስመርም ላይኖረው ይችላል። 3000 ዋት የውሃ ማሞቂያ በ220 ቮልት ከ13 አምፔር በላይ ይስባል። ፊውዙ በተቃጠለ ቁጥር ተለቅ ባለ የሚተካ ሰው ፊውዙን አድኖ ሽቦውን ያቃጥላል። ማሞቂያና ምድጃ የየራሳቸው መስመር ይኑራቸው፣ ሶኬቶች በ2.5 ሚሊ ሜትር ካሬ ሽቦ ይሠሩ፣ 30 ሚሊአምፔር ኤሌክትሪክ ወደ መሬት ሲፈስ መስመሩን የሚቆርጥ መከላከያም ይግባ። ብረት ቧንቧዎቹ ከውስጥ ዝገው ጠበው ከሆነ ሁሉንም አሁኑኑ ቀይሩ። መዳብን ከጋልቫናይዝድ ቧንቧ ጋር በቀጥታ አታገናኙ፣ ጋልቫናይዝዱ ቶሎ ይበላል። ሁሉም በግፊት ተፈትኖ አንድ ቀን ካልዋለ ግድግዳው አይዘጋ።

ከምን እንጀምር ላላችሁት፦ ጣሪያ፣ አሸንዳና የግቢው መሬት ይቀድማሉ። ከዚያ መሐንዲሱ የሚያየው ሁሉ፣ ማለትም ቢሙ፣ ስንጥቁና የወለሉ እንጨት ይከተላል። ቀጥሎ ቧንቧና ኤሌክትሪክ፣ መስኮት፣ ልስን፣ ወለል፣ በመጨረሻ ቀለም። ሁለት ወር ይህን አይችልም፤ ልስኑ ለመድረቅ የሚፈልገው ጊዜ ብቻ አብዛኛውን ይበላዋል። ገንዘባችሁ ካልደረሰ ከመጨረሻው ቀንሱ፣ ከመጀመሪያው አትቀንሱ፤ ኩሽናው ለአንድ ዓመት በአሮጌ ቁም ሣጥን ቢቆይ ማንንም አይጎዳም። ከጠቅላላው በጀት 20 በመቶ ያህል ለመጠባበቂያ ለዩ። ቤቱ ሲገለጥ አዲስ ነገር መውጣቱ አይቀርም።

ከተቋራጩ ጋር ያላችሁ ውል ሥራውን በዝርዝር ይጻፍ፤ ልስኑ በምን ቁስ እንደሚሠራ ጭምር። ክፍያው በተጠናቀቀ ሥራ ልክ ይሁን፣ ለውጥ ሲኖር ዋጋውና ጊዜው ሥራው ከመጀመሩ በፊት በጽሑፍ ይስፈር። ፈቃድ ሳይወጣ ተሸካሚ ግድግዳ አይነካ። ከጎረቤት ጋር የምትጋሩት ግድግዳ ካለም ሥራው ሳይጀመር የእነሱን በኩል ፎቶ አንሱ፣ ፊት ለፊታቸው ይሁን። ከ5 እስከ 10 በመቶ የሚሆነውን ክፍያ አንድ የዝናብ ወቅት እስኪያልፍ ለመያዣ አቆዩት። ቧንቧውና ሽቦው ተዘርግቶ ልስን ከመጀመሩ በፊት ደግሞ እያንዳንዱን ግድግዳ ሜትር አስደግፋችሁ ፎቶ አንሱት፤ ከማዕዘንና ከወለል ያለው ርቀት እንዲነበብ አድርጉ። ከዓመታት በኋላ መደርደሪያ ለመስቀል ድሪል የሚይዝ ሰው ያ ፎቶ ያስፈልገዋል።